ግራ እጄ

«የምትሠራው በየትኛው እጅህ ነው?» አሉኝ
ዶክተር ኢራኤታ፣ ክንዴን በላስቲክ አስረው።
«በግራዬ» አልኩኝ፣
ጣታቸው ቀኝ ክንዴ ላይ ሲባዝን አይቼው።

ቀኙማ አልቋል። ስንቴ በሙቀት ወድቄ
ግሉኮስ ተንጠልጥሎልኝ፣ ከረድፌ ርቄ፣
መርፌ ሲገባ ሲወጣ፣ ሲጠቁር እንደ ከሰል፣
ደም ሥሩ ደርቆ ቀረ፣ የተጣለ ሲባጎ ይመስል።

የቀረኝ ግራው ነው፤ ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ወዲህ
ገጀራ የጨበጠ፣ በተቃጠለው ማሳ ውስጥ፣
በኡሱሉታን ሜዳ ጥላሸት እየለበሰ
ሸንኮራ ከሥሩ ሲቆርጥ፣ ሲጥል፣ ደግሞ ሲቆርጥ።

«ልብንና ኩላሊትን የሚመረምር እርሱ ነው» ይሉናል በእሑድ፤
የኔን የመረመረች ግን ቢጫ ወረቀት ናት፤ ይግባኝ የሌላት ፍርድ።

«ደምህ ከማሽኑ የሚደርስበት በር ያሻሃል» አሉኝ፤
በወረቀቷ ጀርባ አንገት፣ ሆድ፣ ክንድ ሳሉልኝ።

የአንገቱን አውቀዋለሁ።
ሮሴንዶ፣ የረድፍ ጓዴ፣ ከአንገቱ ሥር ሁለት ቱቦ
ብቅ ብሎለት ነበር፣ እንደ ቀንድ አውጣ ዓይን፣ በነጭ ፋሻ ተከቦ።
«ለጊዜው ነው» ብለውት ነበር። ጊዜው ስምንት ወር ሆነ።
አንድ ሌሊት አንቀጠቀጠው፤ ገላው እንደ ምድጃ ጋለ፤
ቱቦው ወደ ልብ ያደርሳል፤ ጀርሙም መንገዱን ያውቃል።
ሲነጋ ሮሴንዶ የለ።

የሆዱ ደግሞ ቤት ይፈልጋል፤
የሚዘጋ በር፣ የሚታጠብ ወለል፣
በቀን አራቴ ፈሳሹ ሆዴ ገብቶ ሲወጣ
አቧራ የማያይበት።
ሳቅሁ። የእኛ ቤት ወለል አፈር ነው፤
በአጨዳ ወራት በጣራው ሽንቁር ጥቁር አመድ ይወርዳል፣
ሾርባችን ላይ የሚያርፍ፣ ሳይጠሩት የሚመጣ።

«ደም ሥር ላጣ ሰው ላስቲክ ከቆዳው ሥር ይቀበራል፤
አንተ ግን ይኸው አለህ» ብለው
ግራዬን መታ መታ አደረጉት፣ ሐባብ እንደሚመርጥ ሰው።
«ደም ቅዳውን ከደም መልሱ እናጋባለን። ከዚያ ወዲያ ገጀራ የለም፤
ከባድ አታነሣ፤ ሰዓት አታስር፤ ተንተርሰኸው አትተኛም።»

ግራ ገባኝ።
ግራ የገባው ሰው ግራውን ስጥ ሲሉት ምን ይመልሳል?
«ዶክተር፣ በዚህ ክንድ እኮ አምስት ጉሮሮ ይርሳል።»
ቀና ብለው አዩኝ፦ «አንተስ ካልኖርክ፣ ማን ያርሰዋል?»

ሰፉት።

ሁለት ወር ተኩል የልጄን የኖሄሚን ኳስ
ስጨብጥ፣ ስለቅ ከረምሁ፣ በአውቶቡስ፣ በአልጋ፣ በቅዳሴ መሀል፣
ደም ሥሬ እስኪወፍር።
ካንዴላርያ በእኔ ፈንታ ማዳበሪያ ልትበትን ወጣች።
ገጀራው ግድግዳው ላይ ነው፤
እጀታው በግራ ጣት የተበላ፣ ለማንም የማይመች።

ኖሄሚ ሰባት ዓመቷ ነው። ከተወለደች አትሰማም።
ለእሷ ዶሮ ጮኾ አያውቅም።
የሸንኮራው መኪና ሲመጣ ግን ከሁላችን ፊት ቀድማ
በባዶ እግሯ ታውቃለች፣ ከአፈሩ ወለል ሰምታ።

አንድ ማታ እጇን ጠባሳዬ አጠገብ ጣለች።
ደንግጣ አነሣች። መለሰች። ዓይኗን ጨፈነች።
ከዚያ በሁለት ጡጫዋ፣ መሪ እንደያዘ ሹፌር፣
መኪና የምትልበትን ምልክት ሠራች።
ከዚያም በእጇ ጠየቀችኝ፦
ወዴት ነው የሚሄደው?

ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት
አውቶቡሱ ሳይመጣ ትነሣለች፣ ጸጉሯ እንደተንጨባረረ።
«ንዝረቱ ዝም ካለ ሳትውል ሳታድር ና» ብለውኛል፤
ይህን ነግሬያት ነበር።

መዳፏን ታሳርፋለች።
እኔ ትንፋሼን እይዛለሁ።
መሪውን ታዞራለች።
እሄዳለሁ።